ሰው ሰነፈ ወይስ ሥራ ቆመ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከጅማ ከተማና ከአካባቢዋ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል የቡድን ሥራን የሚመለከቱትን ለዚህ እትም ለይተናል። አብዛኞቹ የሚጠይቁን ማን እንደሰነፈ እንዴት እንደሚታወቅ ነው። እኛ ደግሞ ሰውን ትተን መጀመሪያ ሥራው የት ቆሞ እንደሚውል እናያለን፤ ምክንያቱን ከመልሶቹ ያገኙታል።

ጥያቄ፦ ጅማ ውስጥ በአንድ የቡና መጋዘን የለቀማ ተቆጣጣሪ ነኝ። ለቃሚዎቹ የሚከፈላቸው ለቅመው ባስረከቡት ንጹሕ ቡና በኪሎ ነው። ባለፈው ማክሰኞ 30 ሴቶች 8 ሰዓት ሠርተው ከገባው ቡና 1,920 ኪሎ ለቀሙ። ሐሙስ ግን 26 ሆነው 7 ሰዓት ተኩል ሠርተው 1,365 ኪሎ ላይ ቆሙ። ከሁለቱም ቀን ቡና ከለቀማ በፊት 300 ግራም ናሙና ወስደን ነበር። ከማክሰኞው 15 ግራም፣ ከሐሙሱ 27 ግራም እንከን ያለው ፍሬ ወጣ። ባለቤቱ ሐጂ «ተዘናግተዋል፤ የደከሙትን ለይና አሰናብት» ብለውኛል። በምን ልለያቸው?

መልስ፦ ማንንም ከማሰናበትዎ በፊት የጻፉልንን ቁጥር እናስላው። የመልሱ ግማሽ እዚያው አለ።

ሐጂ ያዩት ከ1,920 ወደ 1,365 መውረዱን ነው፤ ይህም 29 በመቶ ገደማ ነው። ሐሙስ ግን ሰውም ሰዓትም አንሶ ነበር። ማክሰኞ 30 ሰው በ8 ሰዓት ሲባዛ 240 የሰው ሰዓት ነው፤ 1,920 ለ240 ሲካፈል አንዲት ለቃሚ በሰዓት 8 ኪሎ ሠርታለች ማለት ነው። ሐሙስ 26 በ7 ተኩል 195 የሰው ሰዓት ይሆናል፤ ድርሻዋም 7 ኪሎ። ስለዚህ እውነተኛው ቅናሽ 12 ተኩል በመቶ ነው። የቀረው የቀሩት አራት ሴቶችና የጎደለው ግማሽ ሰዓት ያመጡት ነው፤ የመጡት 26ቱ የሚጠየቁበት አይደለም።

ወደ ናሙናው እንምጣ። የማክሰኞው ቡና እንከኑ 5 በመቶ፣ የሐሙሱ 9 በመቶ ነበር። ከ1,920 ኪሎ 5 በመቶው 96 ኪሎ ነው፤ ለ240 ሰዓት ሲካፈል አንዲት ለቃሚ በሰዓት 400 ግራም እንከን አንሥታለች። ከ1,365 ኪሎ 9 በመቶው 123 ኪሎ ገደማ ነው፤ ለ195 ሲካፈል 630 ግራም ይመጣል። የለቃሚ ሥራ ደግሞ ጥቁሩን፣ ነቀዝ የበላውን፣ የተሰበረውንና ያልተፈለፈለውን ፍሬ አንድ በአንድ ማንሣት ነው፤ ደህናው ፍሬ ሳይነካ ያልፋል። በዚህ ስሌት ሴቶቹ ሐሙስ ከማክሰኞው ከግማሽ በላይ ጨምረው ሠርተዋል። ሐጂ ሊያሰናብቷቸው ያሰቡት የበለጠ በሠሩበት ቀን ነው ማለት ነው።

ይህ የሚጸናው ግን እንከኑ በእርግጥ ተነሥቶ ከሆነ ነው። ስለዚህ ናሙና ከለቀማ በኋላም ይወሰድ። ከአንድ ጆንያ አፍ ላይ ብቻ አይዝገኑ፤ ብጣሪና ደቃቁ ወደ ታች ስለሚወርድ ላዩ ሁልጊዜ ያማረ ይመስላል። ከአምስት ስድስት ጆንያ፣ ከላይ፣ ከመሐልና ከታች እየወሰዱ ንጹሕ ሸራ ላይ ይደባልቁ። ክምሩን በአራት ከፍለው ሁለቱን ትይዩ ክፋዮች ያስወግዱ፤ የቀረውን ደባልቀው እንደገና በአራት ይክፈሉ፤ 300 ግራም ገደማ እስኪቀር ይቀጥሉ። ግራም የምታነብ ትንሽ ሚዛን ታስፈልጋለች፤ የጆንያው ሚዛን ለዚህ አይሆንም። ከለቀማ በኋላ ስንት ግራም እንከን ሊቀር እንደሚችል የሚወስነው ከገዢው ጋር ያላችሁ ውል ነው። 1 በመቶ ካላችሁ ከ300 ግራም 3 ግራም ማለት ነው።

መዝገባችሁ አንዳንድ ቦታ በፈረሱላ፣ አንዳንድ ቦታ በጆንያ ከሆነ ሁሉንም ወደ ኪሎ ይመልሱ። ፈረሱላው 17 ኪሎ፣ የኤክስፖርት ጆንያው 60 ኪሎ ነው። ሁለቱ በአንድ ገጽ ሲደባለቁ የሌለ ኪሳራና የሌለ ትርፍ ይወልዳሉ።

ቀጥሎ ሴቶቹ ስንት ሰዓት በእርግጥ እየለቀሙ እንደሚውሉ ይወቁ። ሰዓት ይዞ አንዲትን ሴት ሙሉ ቀን መከተል አያስፈልግም፤ እሷንም ያስደነግጣል። በትናንሽ ወረቀቶች ላይ የተለያየ ሰዓት ጽፈው ጠቅልለው ባርኔጣ ውስጥ ይክተቱ፤ ጠዋት አሥሩን አውጥተው በቅደም ተከተል ይያዙ። በእያንዳንዱ ሰዓት አዳራሹን አንድ ጊዜ ዞረው እያንዳንዷን ለቃሚ በዐይንዎ እንዳገኟት ይጻፉ፦ እየለቀመች፣ ቡና እየጠበቀች፣ ሚዛን ላይ ተሰልፋ፣ ሌላ። 30 ሰው በ10 ዙር 300 ምልክት ይሆናል። ሰዓቱ በዕጣ መሆን አለበት፤ ሁልጊዜ 4 ሰዓት ላይ ብቅ የሚል ተቆጣጣሪ የሚያየው 4 ሰዓትን ብቻ ነው። አንድ ቀን ፍንጭ ይሰጣል፤ ለውሳኔ ግን አንድ ሳምንት ያድርጉት።

ለምሳሌ ከ300ው ምልክት 54ቱ ቡና መጠበቅ፣ 30ው የሚዛን ሰልፍ ቢሆኑ ድምሩ 84፣ ማለትም 28 በመቶ ነው። ከ240 የሰው ሰዓት 67ቱ በቁም አለፈ፤ ስምንት ሴቶች ቀኑን ሙሉ ቆመው እንደዋሉ ይቆጠራል። ይህን የሚያስተካክለው ስንብት አይደለም። የለቃሚዋ ጆንያ ከማለቁ በፊት ሁለተኛው አጠገቧ እንዲቀመጥ ለአንድ ተሸካሚ ብቻ ኃላፊነቱን ይስጡት፤ ጫኝና አውራጁ ሌላ ሥራ ደርበው ሲይዙት ነው ጠረጴዛው ባዶ የሚቀረው። የሚዛኑ ሰልፍ የሚበዛው ከምሳ በፊትና ማታ ከሆነ በረድፍ ተራ ያውጡለት። ጠረጴዛዎቹንም ወደ መስኮቱ ያስጠጉ፤ በክረምቱ ደመና ጥቁር ፍሬ ከጥላ አይለይም።

አከፋፈሉ ላይ ግን እንጠነቀቅ። በንጹሕ ቡና ኪሎ ብቻ ከከፈላችሁ እንከኑን ለምታልፈው ሴት ሽልማት ነው፤ ለጥንቁቋ ቅጣት። የሚሻለው የገባውን ቡና በናሙናው በሦስት ደረጃ መለየት ነው፤ ከ5 በመቶ በታች፣ ከ5 እስከ 10፣ ከ10 በላይ። ከዚያ ለየደረጃው የተለያየ የኪሎ ዋጋ ይቆረጥለት። ያስረከበችው ናሙና ገደቡን ካለፈ ቡናው ለራሷ ተመልሶ ይለቀም። ስም በግድግዳ ላይ በተራ አይለጠፍ፤ የመጥፎው ጆንያ ዕጣ የወጣላት ሴት ሁልጊዜ ከታች ትሆናለች። ጆንያዎቹ በዕጣ ሲታደሉ ሁለት ሳምንት ቆይተው አንዲቷ አሁንም ከቡድኑ አማካይ በጣም ከራቀች ያኔ ዐይኗን፣ አቀማመጧን፣ ልምዷን ይመልከቱ። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ከእነዚህ በአንዱ ነው።

ጥያቄ፦ በአንድ መሥሪያ ቤት የሰባት ባለሙያዎች ቡድን አስተባብራለሁ። ባለጉዳይ «ዛሬ ነገ» እየተባለ ይመላለሳል። 180 የሚሆን ያላለቀ ፋይል አለን፤ በቀን 20 ገደማ እንጨርሳለን። የአፈጻጸም ምዘና ሲሞላ ግን ሁላችንም ከ90 በላይ ነን። ይህ እንዴት ይታረቃል?

መልስ፦ አይታረቅም። ሁሉም ከ90 በላይ የሚያገኝበት ቅጽ የሚለካው የሞላውን ሰው ይሉኝታ ነው። ቅጹን ለጊዜው ይተዉትና 180ን ለ20 ያካፍሉ፦ ዘጠኝ። ዛሬ የገባ ፋይል በተራው ከተሠራ ዘጠኝ የሥራ ቀን ይጠብቃል፣ ሰባቱም ባለሙያ አንዲት ደቂቃ ባያባክኑ እንኳ። ቆይታውን የሚያሳጥሩት የተቆለለውን በመቀነስ ወይም የሚያልቀውን በመጨመር ብቻ ነው፤ ባለጉዳዩን በጨዋ ቃል መመለስ ዘጠኙን ቀን አይነካውም።

ፋይሉ የት እንደሚተኛ ለማወቅ በሚቀጥሉት 30 አዳዲስ ፋይሎች ፊት ላይ አንዳንድ ቁራጭ ወረቀት በስቴፕለር ይምቱ። እያንዳንዱ ጠረጴዛ ሦስት ነገር ይጻፍበት፦ መቼ ደረሰኝ፣ መቼ ገለጥኩት፣ መቼ አሳለፍኩት። ሁለት ሳምንት ይበቃል። ወረቀቶቹን ሲሰበስቡ ፋይሉ በእጅ የተያዘበት ጊዜ ተደምሮ በደቂቃ ይቆጠራል፤ በተኛበት ጊዜ ግን ቀናት ያልፋሉ። ብዙ ጊዜ የሚተኛው ፊርማ ጥበቃ ላይ ነው፦ «ኃላፊው ስብሰባ ናቸው»። መፍትሔውም የታወቀ ነው፤ መደበኛ ጉዳዮችን የሚፈርም ተወካይ በጽሑፍ መሰየም፣ ለቀሩት በቀን ሁለት የፊርማ ሰዓት መቁረጥ።

ሁለተኛው ሰነድ ሳይሟላ ገብቶ የሚመለሰው ነው። ከ30ው 12ቱ አንድ አንድ ጊዜ ተመልሰው ከሆነ 20 ፋይል ለመጨረስ 28 ጊዜ ፋይል ይገለጣል፤ ስምንቱ ውኃ ወቀጣ ነው። ማጣሪያውን ከመጨረሻው ጠረጴዛ አንሥተው ወደ መጀመሪያው መስኮት ያምጡት። የሚያስፈልጉት ሰነዶች በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ በትልቁ ተጽፈው ባለጉዳዩ በሚቆምበት በኩል ይለጠፉ እንጂ እንደተለመደው ከሠራተኛው ጀርባ አይሁን። መመለሱ ሙሉ በሙሉ ቢቀር ቡድኑ በዚያው ጉልበት በቀን ወደ 28 ሊደርስ ይችላል፤ ዘጠኙ ቀን ወደ ስድስት ተኩል ይወርዳል።

በባለሙያ የተዘጋ ፋይል ቆጥረው ደረጃ አይስጡ። ሁሉም ቀላል ቀላሉን ይመርጣል፤ የውርስ ክርክር ያለበት ወፍራሙ ፋይል ከታች ሆኖ ይሰነብታል። በየሳምንቱ ሦስት ቁጥር ይያዙ፦ አማካይ ቆይታ፣ የተመላሽ ድርሻ፣ የሁሉም አንጋፋ ፋይል ዕድሜ። ከሦስቱ የሚዋሸው የመጀመሪያው ነው፣ የማይዋሸው የመጨረሻው። ሰኞ ጠዋት 15 ደቂቃ ቆማችሁ አምስቱን አንጋፋ ፋይሎች ብቻ እዩ። ጥያቄው «ምን ያዘው?» ይሁን። «ማን ያዘው?» ከተባለ ሰዉ ግምገማ መጣ ብሎ አፉን ይዘጋል።

ቀናትን ስታወዳድሩ ደግሞ በሰዓት ይሁን። የመንግሥት ሥራ ከሰኞ እስከ ሐሙስ 8 ሰዓት፣ ዓርብ በጁምዓ ምክንያት ምሳው ከ5 ሰዓት ተኩል እስከ 7 ሰዓት ተኩል ስለሆነ 7 ሰዓት ነው። ዓርብን ከሐሙስ ጋር በፋይል ቁጥር ብቻ ማወዳደር ሰውን በሶላቱ መክሰስ ይሆናል።

ጥያቄ፦ የበርና የመስኮት እንጨት ሥራ ቤት አለኝ። ትእዛዝ ሞልቶ ተርፏል፣ ማድረስ ግን አልቻልኩም። ሁለት ገጣጣሚ ጨመርኩ፤ ምርቱ በቀን ከአምስት በር ፈቀቅ አላለም። ቆራጩ በቀን 9 በር የሚሆን ይቆርጣል፣ መላጊያ ማሽኑ 5 ያወጣል፣ ገጣጣሚዎቹ 7 ይችሉ ነበር፣ ብርጭቆ ወረቀቱና ቫርኒሹ 6። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ገንዘቡን ያፈሰሱት ክፍት በነበረው በር ላይ ነው። አምስት በር የሚወጣው መላጊያው 5 ስለሚያወጣ ነው፤ ሥራው ሁሉ የሚታነቅበት ጠባብ በር እሱ ነው። ገጣጣሚዎቹን ሃያ ቢያደርሷቸው ቁጭ ብለው መላጊያውን ይጠብቃሉ። ቆራጩም ጎበዝ በመሆኑ አይደሰቱ፤ በየቀኑ አራት በር ትርፍ እየቆረጠ ግቢውን ያጣብባል፣ ገንዘብዎንም ወደ ጣውላ ክምር ይለውጠዋል። በቀን ስድስት ላይ ያቁሙት፤ በትርፍ ሰዓቱ ለመላጊያው ጣውላ ያቅርብ።

አሁን መላጊያው አንድ ደቂቃ እንዳይቆም ያድርጉ። ከማሽኑ አጠገብ ተጣርቶ የተደረደረ የግማሽ ቀን ጣውላ ሁልጊዜ ይኑር። ምሳ ሰዓት ላይ አንድ ሰው ተቀያይሮ ያሠራው። ስለቱ በሥራ ሰዓት መሐል አይሳል፤ የተሳለ መለዋወጫ ስለት ከሥራ በፊት ይገጠም። የተሰነጠቀና አንጓው የወጣ ጣውላ ከመላጊያው በፊት ይለይ፤ ተልጎ የሚጣል እንጨት ከጠባቡ በር የተሰረቀ ሰዓት ነው። ጣውላው እርጥብ ከሆነ ደግሞ ከተላገ በኋላ ይጣመማል፣ ተመልሶ ወደዚያው ማሽን ይመጣል። የጅማ ዝናብ ረጅም ስለሆነ ጣውላው ከመሬት ከፍ ብሎ፣ በየረድፉ መሐል ቀጫጭን እንጨት ገብቶበት፣ ከላይ ተሸፍኖ ጎኑ ለነፋስ ይከፈት።

የመብራት ነገርም አለ። ከ8 ሰዓት 2ቱ መብራት ከጠፋ መላጊያው ወደ 3 ከሦስት አራተኛ ይወርዳል፣ ቤቱም አብሮ። ስለዚህ የእጅ ሥራውን፣ ማጠፊያ መግጠሙን፣ ብርጭቆ ወረቀቱንና መጥረጉን፣ ለመብራት መጥፊያ ያቆዩት፤ መብራት ሲኖር ማንም ከማሽኑ ላይ ለእጅ ሥራ አይጠራ። በዚህ መላጊያው 6 ተኩል ቢደርስ ቤቱ 6 ላይ ይቆማል፤ ያኔ ጠባቡ በር ቫርኒሹ ሆኗል። ብዙ ጊዜ እዚያ የጎደለው ሰው ሳይሆን የማድረቂያ ቦታ ነው። መደርደሪያ ከማሽን ይረክሳል፤ ሁለተኛ መላጊያ ለመግዛት የሚያስቡት ከዚያ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ ጋራዥ አለን። ካይዘን (ሥራን በትንሽ በትንሹ የማሻሻል የጃፓን ዘዴ) ሠልጥነን መጣን፣ ግቢው አማረ። በወሩ ግን እንደነበረው ሆነ። ለምን?

መልስ፦ ምናልባት ከሦስተኛው ስለጀመራችሁ። የካይዘን አምስቱ «ማ»ዎች በተራ ነው የሚሄዱት፦ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። ጽዳቱ ለፎቶ ስለሚመች ሰው ሁሉ እዚያ ይዘላል። የማያስፈልገው ዕቃ ሳይወጣ የጸዳ ጋራዥ ንጹሕ ውጥንቅጥ ነው።

መጀመሪያ ቀይ ጨርቅ ይግዙ። በወር ያልነካችሁት ዕቃ ሁሉ ላይ ይታሰር፣ ቀኑ ይጻፍበት፣ ወደ አንድ ጥግ ይሂድ። በሌላ ወርም ማንም ካልፈለገው ይሸጥ ወይም ይጣል። ከዚያ የቀረው መሣሪያ ሰሌዳ ላይ ይሰቀል፤ የእያንዳንዱ ቅርጽ በቀለም ይሳል። 13 ቁጥር መፍቻ ከጠፋ ባዶው ቅርጽ ከሩቅ ይጮኻል። የወሰደው ሰው ስሙ ያለበትን ቆርኪ በቦታው ይስቀል። ለውጡን ለማየት ከመጀመራችሁ በፊትና በኋላ መካኒኮቹ ዕቃ ፍለጋ ከመኪናው ስንቴ እንደተነሡ ለሦስት ቀን ቁጠሩ።

ሁሉም ኃላፊ ሲሆን ማንም አያደርገውምና ለማዝለቁ ባለቤት ይሰየም። ሰሌዳውን ማታ ከመዘጋቱ በፊት አምስት ደቂቃ የሚያይ አንድ ሰው በሳምንት ተራ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ዘግይቶ የመጣን ከደሞዙ ብቆርጥ፣ የጎደለውን ምርት ደግሞ በእሑድ ሥራ ብሞላ ምርታማነቱ አይጨምርም?

መልስ፦ የመጀመሪያው ሕግ ላይ ይጋጫል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት እንደ ሕግ፣ ኅብረት ስምምነትና የፍርድ ቤት ትእዛዝ ያለ መሠረት ከሌለ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ካልተስማማ ከደሞዝ አይቆረጥም። ሲቆረጥም ከወር ደሞዙ ከሲሶ አይበልጥም። በዚያ ላይ የሚዘገዩት ሰዎች ሁሌ በአንድ አቅጣጫ የሚመጡ ከሆነ ምክንያቱ ታክሲ ነውና መግቢያውን ግማሽ ሰዓት ገፍተው መውጫውንም አብረው ይግፉት፤ ከቅጣት ይልቅ ይህ ሰዓት ያስገኝልዎታል።

የእሑዱ ሥራ ደግሞ ውድ ነው። መደበኛው ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ትርፍ ሰዓት የሚፈቀደው እንደ አደጋ፣ አስቸኳይ ሥራና ድንገት የቀረን ሠራተኛ መተካት ባሉ ምክንያቶች ሲሆን በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አያልፍም። የሰዓት ክፍያው 25 ብር የሆነ ሠራተኛ ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ትርፍ ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ፣ ማለትም 37 ብር ከ50 ይከፈለዋል። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 43 ብር ከ75፣ በሳምንታዊ ዕረፍቱ 50 ብር፣ በሕዝብ በዓል 62 ብር ከ50። እሑድ የሚሠራውን አንድ ዕቃ በድርብ የጉልበት ዋጋ ነው የሚያወጡት። ከመወሰንዎ በፊት ለመጋዘኑ ተቆጣጣሪ የነገርነውን የባርኔጣ ዕጣ ለአንድ ሳምንት ይሞክሩት። የቆመው ሰዓት እሑድ ከሚያገኙት ሰዓት በላይ ሆኖ ከተገኘ እሑድን ለሠራተኛዎ ይተዉለት።